ትርፍ

ከሞራቫ ወንዝ ዳር፣ ከመስመሩ ጫፍ፣
ስም እለጥፋለሁ መኪናው ሲያልፍ።
ብየዳ አላውቅም፣ ሞተርም አልነካም፤
«ስም ማደል» ይላሉ፣ «ወገብ አያደክም»
ከላይ መስመር ያሉት በር ገጣሚዎች፣
ትከሻቸው ጎብጦ እንደ ድልድይ ቅስቶች።

አንድ ነው አጥንቱ፣ አንድ ነው ወለሉ፣
አንድ ነው ሽቦውም ከነጥቅልሉ፤
ከአንድ ቅርጽ ተፈልቅቀው፣ ባንድ ቀለም ርሰው፣
እኔ ዘንድ ሲደርሱ ነው ዕጣ የሚለያቸው።
ላንዱ ከግራ ሣጥን እንደ ነገሩ አነሣለሁ፣
«ለመምህር፣ ለነርስ ይሁን» እለዋለሁ፤
ላንዱ ከቀኝ ሣጥን፣ ከለስላሳው ጨርቅ፣
በጓንት አወጣለሁ፣ አሻራዬን ስደብቅ።
ሁለት ጠብታ ሙጫ፣ እስከ ስድስት ግፊት፤
ከዚያ ወዲያ ዋጋው ሽቅብ ነው እንደ እሳት።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይሉ የለ?
እኔ የማውቀው ስም ኮፈን ላይ ዋለ።

ወንድሜ ቬንዴሊን ትርናቫ ነው ያለው፤
ትንንሽ መኪና ነው እሱ የሚሠራው።
በየደቂቃው አንድ ይወለዳል፣ ይረግፋል፤
ከዚያ የሚተርፈው ጎማ አይገዛም ይባላል።
ቅናሽ ለሻጩ ነው፣ ቅናሽ ለገዢው ነው፣
የበረዶ ጎማ በነፃ ምርቃቱ ነው፤
ያልተሸጡት ደግሞ ሜዳው ላይ ተደርድረው
ዝናብ ይቆጥራሉ፣ ወፍ ኩስ ደፍቶባቸው።

እሑድ ለት፣ እናታችን ቤት፣
የበግ አይብ የተነሰነሰበት ድንች ፊት፣
ቬንዴሊን ሹካውን አኖረና፣
«ንገሪኝ» አለ፣ «ቦዤና፤
እኔ በፈረቃ ስምንት መቶ ቡሎን ሳጠብቅ፣
አንቺ ስም ስትወለውይ በለስላሳ ጨርቅ፣
የእናንተ አንዱ የኛን ሃያ ያስከነዳው በምንድነው?
ቆዳው ነው? ሞተሩ ነው?»

«ቆዳም አለበት» አልሁት፣ «ሞተሩም አይናቅም፤
ግን እሱ ብቻውን ይህን ያህል አያተርፍም።
ከእናንተ ዘንድ ሻጭ ነው ገዢውን የሚለምነው፤
ከኛ ዘንድ ገዢ ነው ደጅ የሚጠናው።
መቶ ሰው ቢፈልግ ዘጠና ዘጠኝ እንሠራለን፤
አንዱን ‹ተራ ጠብቅ› እንለዋለን፤
ውጭ የቀረው ሰው ምኞት ነው
ለገቡት ዋጋውን ሰቅሎ የሚይዘው።
ደግሞ ስማ፦ ወንበር የሚያሞቀው ሽቦ
በሁሉም ውስጥ አለ፣ አስቀድሞ ገብቶ፤
የምንሸጠው እኮ ሽቦውን አይደለም፤
ፈቃዱን ነው፤ ያልከፈለ መቀመጫ አይሞቅም።»

ቬንዴሊን ሳቀ። እናታችን አልሳቀችም።
መነጽሯን አድርጋ ከጠረጴዛው ሥር ጎነበሰች፤
ብዙ ቆየች።
«ታዲያ ያንቺ መኪና እንዲህ ካተረፈች፣
ጫማሽ ከሱ ጫማ በምን ተሻለች?»
አየነው፤ አንድ ዓይነት፣ ከአንድ መደብር የወጣ፣
በአንድ ቅዳሜ፣ በቅናሽ፤ ሶሉ አፍ ያወጣ።

ከዚያ ወዲህ ትርፍ ሰዓት ስገባ
ቃሉ እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገባ፦
ለነሱ ትርፍ ገንዘብ፣ ለኔ ትርፍ ሌሊት።

ሐሙስ ለቬንዴሊን ደብዳቤ መጣለት፤
ማኅተም አለበት፣ ምክንያት አለበት፤
«ሁለተኛው ፈረቃ ትርፍ ሆኖ ስለተገኘ…»
ዓመት ሙሉ ትርፍ የለም ሲሉ የከረሙት ሰዎች
ፈልገው ፈልገው አገኙ፤
ወንድሜን።

ዛሬ ሌሊት የሣጥኑ ጋሪ ዘገየ፤
መስመሩ አራት ደቂቃ ቆመ።
ከፊቴ አንድ መኪና፣ ገና ስም ያልወጣለት፣
መብራቱን ግንባሩ ላይ ተቀብሎ ዝም ብሏል።
የማን እንደሚሆን፣ ስንት እንደሚያወጣ
እኔም አላውቅም፣ እሱም አያውቅም።
ጓንቴን አወለቅሁ።
አውራ ጣቴን ስሙ በሚውልበት ቦታ አሳረፍሁ፤
አሻራዬ ቀረ።
ጋሪው ደረሰ። የቀኝ ሣጥን ነበር።
ሁለት ጠብታ ሙጫ።
አሻራዬ ላይ ጫንሁት፤
እስከ ስድስት ቆጠርሁ።