የክብሪት ሂሳብ

ኅዳር ነው ታምፔሬ፤ በዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ተከድኗል፤
ጥጥ ይፈተልበት በነበረው ምድር ቤት የኔ መብራት በርቷል።
አርባ ሰባት አባል፣ ስድስት የብረት ዘንግ፣ የሚያፈስ ቧንቧ አንድ፣
ደግሞም የኔ ደብተር፣ ላብ ጠጥቶ ያበጠ እንደ ረጠበ ግንድ።

የእህቴ ልጅ ኦንኒ «አክስቴ፣ በቃሽ» አለኝ፤
«በዚህ ዘመን በእርሳስ!» ብሎ ሁለት መተግበሪያ ጫነልኝ።
የሁለቱም ሙከራ ዛሬ እኩለ ሌሊት ያበቃል፤
ከዚያ ወዲያ ካርዴ ወይ አንዱን ይመርጣል፣ ወይ ለሁለቱም ይከፍላል።

አንደኛው ለገላ ነው።
ከእጅ አንጓ ተጣብቆ ሲቆጥር ይውላል፤
ስንቴ ተቀመጥክ፣ ስንቴ ተነሳህ፣ እንቅልፍህ ስንት ደቂቃ ይጎድላል።
ልብ ይቆጥራል፣ ልብ፤ «መቶ አርባ ሁለት» ሲል፣
ልብ ሲቆጥር ቢውልም፣ ልብ አይልም፣ ልብ አይል።

ሁለተኛው ለቤቱ ነው።
ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ የሐሙሱ ክፍል ስንት ምንጣፍ ይበቃዋል፣
ማን በወሩ በሦስተኛው ቀን መክፈል ሲገባው ዘግይቷል፤
ግራጫ ሠንጠረዥ፣ እንደ ግብር ሰብሳቢ ፊቱ የማይፈታ፣
ሲደምር የሚኖር ጠዋት ሳይል ማታ።

ወደድኩት ልበል? አልወደድኩትም።
የመጀመሪያው ቢያንስ ርችት ይተኩሳል፣ «ጎበዝ!» ይላል።
ይህኛው «ስም፦ ቬይኮ። ቁጥር፦ ሠላሳ አንድ» ብሎ ያበቃል።

ቬይኮ።
አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣ ከሄርቫንታ፣
ማክሰኞና ዓርብ ልክ በአንድ ሰዓት ማታ
ጓንቱን ራዲያተሩ ላይ አስጥቶ፣ መቶ አስር ኪሎ
ከወለል የሚያነሳ፣ «ኽም» ብቻ ብሎ።

ዘጠኝ ቀን ቀረ።
አንደኛው፦ «ሰንሰለትህ ተበጠሰ! አይዞህ፣ እንደገና!»
(ኦንኒ ሰዓቱን ለሙከራ ያሰረው ለሱ ነበርና።)
ደብተሬ፦ «ቬይኮ፤ ግራ ትከሻ። ማክሰኞ ዝም ካለ፣ ዝም በይ።»
ከዚያ በታች ባዶ።
ያ ግራጫው ግን፣ ያ ፊተ ደረቁ፣
ከስሙ ጎን ቀይ ነጥብ፦ «ሁለት ወር ያልተከፈለ።»

ዓይኔን አሻሸሁ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጉልበት፣ የሰው ወገብ ስጽፍ ኖሬ፣
ገንዘብ መጻፍ ግን አፍሬ፣
«ስታገኝ ትሰጠኛለህ» እያልኩ አንድ ዓምድ አላሰመርኩም።
ጨዋነት መስሎኝ ነበር።
ለካ ሰውየው ያንን ክብደት ብቻውን ሲያነሳ ኖሯል።

ደወልኩ።
መቶ አስር ኪሎ የሚያነሳ ሰው ስልኩን አላነሳም።

በትራም ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ። በካልሲው ቆሞ ከፈተልኝ።
ወለሉ መሀል ሁለት ባልዲ፣
በረዶ መንገድ ላይ የሚበተነውን አሸዋ እስከ አፋቸው ሞልቷቸው፤
ጠረጴዛው ላይ የክብሪት እንጨት፣ በአምስት በአምስት ተደርድሮ።
«አንድ ማንሳት፣ አንድ እንጨት» አለኝ።
ለቬይኮ ይህ ንግግር ነው።
ቆየና፣ መስኮቱን እያየ፦ «ጡረታዬን ጥርሴ በላው።»
እኔም፦ «ማክሰኞ፣ በአንድ ሰዓት» አልኩት።
ሌላ አልጨመርኩም። በኛ አገር ይህም ብዙ ነው።

ሌሊት፣ ለስድስት ሰዓት አስር ጉዳይ፣
አንደኛውን ሰረዝኩ።
«እርግጠኛ ነሽ? እድገትሽ ሁሉ ይጠፋል!» ብሎ ለመነኝ።
ይጥፋ።
ሁለተኛውን ገዛሁት፤ ወድጄው አይደለም፤
ከሰው የሚቆጥር ፕሮግራም በገበያ የለም።
ሰው የሚቆጥር ግን አለ፤
ከሰው መቁጠሩ የኔ ድርሻ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ቁጥር ሠላሳ አንድን ከፍቼ
«ዕዳ ሰርዝ» የሚለውን መጫን ሆነ።
ግራጫው ፊቱን ሳይፈታ ባዶ ሳጥን ዘረጋ፦ «ምክንያት?»
ጻፍኩለት፦
«በክብሪት እንጨት ተከፍሏል።
መቶ ሠላሳ አምስት። ቆጥሬ ተረክቤያለሁ።»

ተቀበለ።
ደብተሩን ሳብኩ፣ እርሳሱን ቀረጽኩ፦
«ቬይኮ፤ ግራ ትከሻ። ደግሞም ጥርስ።»