ቆጠራ

መፍቻዬ ጆሮዬ ነው፣ የቀረው ብረት ነው፤
የሞተርን ሕመም ሳልከፍት የማውቀው
እንደ ሽማግሌ ሲያቃስት፣ ሲያስል ሰምቼ ነው።
ከፑንታ አሬናስ ፖርቬኒር፣ ሰርጡን ስመላለስ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ነፋስ ፊቴን ሲያርስ፣
"ይህ ፓምፕ ይሞታል" ካልሁ፣ ይሞታል፤ አልስትም።
የልጄ ጉሮሮ ግን መፍቻ አያስገባም።

ኤሎይሳ፣ አምስት ዓመቷ፣ አፏን በሰፊው ከፍታ
አየር ትጎትታለች ሌሊቱን፣ ከማታ፤
የዛገ መጋዝ እርጥብ ግንድ ውስጥ እንደ ገባ፣
ትራሷን በምራቅ አርጥባ።
ዶኛ ሬሜዲዮስ፣ ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው፣
"ባልሽ ነው" ትላለች ሚስቴን፣ "እንዲህ የሚያንኮራፋው?"
ሚስቴ ትስቃለች።
እኔን የሚያስፈራኝ ግን፣ መጋዙ ሲቆም ነው።

ድንገት ቀጥ ይላል።
አንድ። ሁለት። ሦስት።
ነፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ይደበድባል።
አራት። አምስት።
ደረቷ ይነሣል፣ ሆዷ ይሰረጉዳል፣
አየር ግን አያልፍም።
ስድስት። ሰባት።
በሰርጡ መሐል የጠፋ ሞተር እንዲህ አያርበደብደኝም።
ስምንት ላይ
እንደ ሰመጠ ሰው ከአዘቅቱ ብቅ ትላለች፣
ትገላበጣለች፣ መጋዟን ትስባለች፤
እኔም ያኔ እተነፍሳለሁ።

ዶክተር ያስና ቩኮቪች፣ መብራት ግንባሯ ላይ፣
"እንደ ባሕር አንበሳ ክፈቺው፣ ጥርስሽን ልይ!"
አለቻት። አየች። እኔንም ጠርታ አሳየችኝ፦
ሁለት ቶንሲሎች፣ ቀይ፣ ያበጡ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው፣
እንደ ሰካራም ዘበኞች በሩን ዘግተው።
"ከአፍንጫዋም ጓሮ ሌላ እጢ አለ፣ አዴኖይድ የሚሉት፤
ሁሉንም አወጣለሁ። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ አትሥጉበት።"

የቆራጭ ግማሽ ሰዓትና የጠባቂ ግማሽ ሰዓት
አንድ እናት አልወለደቻቸውም።

በዕለቱ ጠዋት፣ የጨርቅ በጓን እንዳቀፈች
"ይችም ትቆረጥ፤ እሷም ታንኮራፋለች" አለች፤
ነርሷ የበጓ አንገት ላይ ፕላስተር ለጠፈች።
ጭምብሉ እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል።
"ከአስር ወደ ኋላ ቁጠሪ።"
"አስር። ዘጠኝ። ስም..."
እኔ በየሌሊቱ ሽቅብ ቆጥሬ የምደርስባትን ስምንት፣
እሷ ቁልቁል መጥታ እዚያው ተኛችባት።

ኮሪደሩ ላይ የለስላሳ መሸጫው ማሽን ይንቀጠቀጣል፤
ኮምፕሬሰሩ ከገና አያልፍም፤ ጆሮዬ ሰምቶታል።
ለማን ልንገር?

አይስክሬም ስጧት ያላለን የለም፤ ገዛን፤ ወረወረችው።
ቀዝቃዛ የበግ መረቅ ነው፣ እያለቀሰች የዋጠችው።
አምስት ቀን በጣቷ ብቻ አዘዘችን።

በዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት ነቃሁ።
ምንም።
መጋዝ የለም። ነፋሱም በዚያች ሌሊት አርፏል።
አንድ። ሁለት። በባዶ እግሬ ሮጥሁ፤ አፏ ተገጥሟል።
ጣቴን ከአፍንጫዋ ሥር አደረግሁ፦
ለብ ያለች፣ ክር የምታህል ትንፋሽ፣ ወጣች፣ ገባች።
እንዲህ ዝም ያለ ሞተር በዕድሜዬ ነክቼ አላውቅም።
ጆሮዬ ሥራ ፈታ፤ እኔ ግን አልተኛሁም፤
ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ልማድ ነውና፣ ቆጠርሁ፤
አራት መቶ ምናምን ላይ ጠፋኝ፣ ተውሁ።

ጠዋት ዶኛ ሬሜዲዮስ፣ ትኩስ ዳቦ ይዛ፣
ሚስቴን ጥግ ሳበቻት፣ በሐዘን ፈዝዛ፤
"ልጄ" አለቻት፣ "ባልሽ ጥሎሽ ሄደ እንዴ?"