ለመለዋወጫ

ሐሙስ ሐሙስ ሒርማታ እወርዳለሁ።
ከዛገ ቁልፍ፣ አንጀቱ ከወጣ ራዲዮ ጎን
ጆንያ ላይ ተጋድመው አገኛቸዋለሁ፤
አንገቱ የተሰነጠቀ፣ ክዳኑ የጠፋ፣
የጎማ ሆዱ ደርቆ እንደ ቅርፊት የሚፈረፈር።
«አይጽፉም እኮ» ይለኛል ነዚፍ፣ ሻጩ።
«አውቃለሁ፤ ለመለዋወጫ ነው።»
ይቺን ቃል ስናገር ዋጋው ይወርዳል፤
እኔም አብሬው ትንሽ እወርዳለሁ።

ሱቄ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊው ማሽን ጥግ፤
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አምፖል፣
ሰዓት ሠሪው ሲሞት የተወልኝ ማጉያ፣
ለብ ያለ ውሃ በሻይ ብርጭቆ።
ማታ ምላሳቸውን ነክሬ እሄዳለሁ፤
ጠዋት ውሃው ሰማያዊ ነው።
ሰው ሊል አስቦ የዋጠው ነገር ይመስለኛል፤
ማመልከቻ ይሁን የዱቤ ሒሳብ፣
ወይ «ይድረስ ለ» ብሎ ስም ያልደረሰበት ደብዳቤ፣
ማን ያውቃል።
ደጅ እደፋዋለሁ፤
ዝናቡ ተቀብሎ ወደ አዌቱ ይወስደዋል።

አምና፣ ጳጉሜ ላይ፣
ዘይቱና የምትባል ሴት አሥራ አንድ ብዕር በካልሲ ይዛ መጣች፤
በወንድ ካልሲ፣ ተረከዙ በሌላ ክር የተጣፈ።
«የአባቴ ናቸው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር።»
ሦስት መቶ ብር አልኩ። አልተከራከረችም።
ካልሲውን ግን አጥፋ መልሳ ወሰደች።

ከአሥራ አንዱ የአንዱ ምላስ ብቻ ወርቅ ነበር፣
ጫፉ እንደ አሮጌ ጫማ ባንድ ጎኑ የተበላ።
እሱን ነቀልኩ።
ክዳን ከዚህ፣ ማንጠልጠያ ከዚያ፣
ጉሮሮውን በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣
ከአሥራ አንድ በድን አራት የሚተነፍሱ አወጣሁ፤
በዚህ ሥራ ጥሩ ሒሳብ ነው።

ወርቁን አቶ ሺበሺ ገዛኝ፣ የመጋዘኑ ባለቤት።
በሁለተኛው ወር ዣንጥላውን ሳያጥፍ ገባ።
«ምንድን ነው የሸጥክልኝ?
ባንኩ ፊርማዬን አልቀበልም አለ!
‹እርስዎ አይደሉም› አለችኝ ልጅቷ፣ ፊቴን እያየች!»
ወረቀት ሰጠሁት፤ ፈረመ።
ሠላሳ ዓመት ቀጥ ብሎ የቆመ ስም
ነፋስ እንዳገኘው የበቆሎ አገዳ ወደ ግራ ተጋድሟል።

በማጉያው አየሁት።
ግራ እጅ ነው የበላው።
አርባ ዓመት አንድ ጎኑን የተፋቀ ወርቅ
ሌላ እጅ አይለምድም፤
እጁን ነው ወደ ራሱ የሚጎትት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤
ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት ደቂቃ።
ለስንቱ አድርጌዋለሁ።
አነሳሁት። አስቀመጥኩት።
«ነገ ተመለስ» አልኩት፣ ምክንያት ሳይኖረኝ።

ዘይቱናን አስጠራኋት፤ ነጠላ ጫማዋን ጭቃ በልቶት መጣች።
«እስቲ ጻፊበት።»
በቀኟ ያዘችው፤ ቧጨረ፣ ቀለም ነፈጋት።
ቆም አለች።
ሰው እንዳያያት በሩን ዞር ብላ አይታ
ወደ ግራ እጇ አሻገረችው።

«አንደኛ ክፍል ሳለሁ በማስመሪያ ይመታኝ ነበር፣
‹በቀኝሽ!› እያለ፤ እሱ በግራው እየጻፈ።
ቢሮ ሲሳቅበት ነው የኖረው።
እኔ እንዳይሳቅብኝ ነው መሰለኝ።
መሰለኝ።»

ስሟን ጻፈች፣ በሰባት ዓመት ልጅ ፊደል፤
የተንጋደደ፣ ከመስመር የወጣ።
ግን አልቧጨረም፤
ቀለሙ ሳይለመን ወረደ።

«ስንት ነው?» አለችኝ።
«ሦስት መቶ» አልኩ፤ አፍሬ መቶ አደረግሁት፤
ከዚያም ዝም አልኩ።
ከቦርሳዋ ካልሲውን አወጣች።

ለሺበሺ ተራ የቻይና ብረት ገጠምኩለት፣
የማንም እጅ ያልነካው፣
ትርፉንም መለስኩ።
ባንኩ ወዲያው አወቀው።