ፀሐይ ስትወጣ

ጡጦው ሦስት ነበር፤ አንዱ ልትተኛ ስትል፣
አንዱ በእኩለ ሌሊት፣ አንዱ ሊነጋ ሲል፤
በታኅሣሥ፣ ቫርዶ ላይ፣ ንጋት የሚሉት ካለ፣
ሰማዩ ከማታ እስከ ማታ ከሰል እንደመሰለ።

የጥርስ ሐኪሟ ሲግኔ ከንፈሯን ገልጣ አየች፤
ከላይ፣ ሁለቱ ጥርሶች ላይ፣ ነጭ መስመር አሳየች፤
«ወተቱ አፏ ውስጥ ያድራል፤ ሌሊቱን ይበላታል» አለች።
አሥራ ሁለት ጥርስ ብቻ! ዳቦ እንኳ ነክሳ ያልጠገበች።

ራግንሂልድ፣ አንቺ ባሕር ላይ ነሽ፣ ሸርጣን ስታወጪ፤
ስልክ አይደርስሽ፤ ሦስት ሳምንት ይቀራል እስክትመጪ።
እንግዲህ እኔው ነኝ ዳኛው፣ እኔው ነኝ ወንጀለኛው፣
«አልሰጥም» ብዬ ስምል ጡጦ ታቅፌ የምተኛው።

ጉንቮር ከጎን ቤት መጣች፤ አምስት ልጅ ያሳደገች፤
«በየሌሊቱ አንድ ጣት ውኃ» ብላ ጣቷን ደቀነች፤
«ሲቀጥንባት ይሰለቻታል፤ ራሷ ትጥለዋለች።»

አንድ ጣት ጨመርኩ፤ ጠጣች፤ ምንም አላለችም።
ሁለት ጣት ጨመርኩ፤ ጠጣች፤ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም።
በአራተኛው ሌሊት፣ እኩል በእኩል ሲሆን፣
ከአፏ አወጣችና ጡጦውን፣
ወደ መብራቱ አንሥታ እንደ ጉምሩክ ሹም መረመረች፤
ከዚያ ለእኔ ዘረጋችልኝ። «ፓፓ፣ ጠጣ» አለች።
ጠጣሁ፤ ምን ላድርግ?
ወተትን በወሬ የሰማ ውኃ ነበር።

በአምስተኛው ጨከንኩ። አልጋዋ ጠርዝ ተቀመጥኩና፣
«ወተት የለም» አልኳት፤ «ላሞቹ ተኝተዋልና፤
ፀሐይ ስትወጣ ይነቃሉ፤ ያኔ ትጠጫለሽ።»
ምክሩን ያገኘሁት ከጤና ጣቢያ ወረቀት ላይ ነው፤
የጻፈው ደቡብ ያለ፣ በየማለዳው ፀሐይ የምትወጣለት ሰው።
እኛ ጋ ከኅዳር ወዲህ ማን አይቷት!
መጋረጃውን ገለጠች። የወደቡ መብራት፤
በአግድም የሚበር በረዶ፤ ሌላ ምንም።
«ፀሐይ?»
«ገና ናት።»
«ፀሐይ?»
«ገና።»

ያን ሌሊት ሁለት ሰዓት ተኩል አለቀሰች፤
የጉንቮር ውሻ ከግድግዳው ማዶ እያላዘነ ተቀበላት።
ከበሩ እስከ መስኮቱ ሰባት እርምጃ ነው፤
ስንቴ እንደተመላለስኩ አልቆጠርኩም።
ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም ስሜን የጠራኝ መሰለኝ፤
አንዴ ከፈትኩት፤ ብርሃኑ ፊቷ ላይ አረፈ።
«ፀሐይ!» አለች።
ዘጋሁት።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ፦
ስትጠጣ በግራ እጇ ጆሮዬን ትይዝ ነበር፣
ጫፉን እንደ ጨርቅ እያሸች፣ እንቅልፍ እስኪወስዳት።
አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የነካኝ እጅ እሱ ብቻ ነው።
ውኃ ስጨምር፣ ጣት በጣት፣
ይህንንም ነበር የማቀጥነው።

በስድስተኛው ሌሊት አንድ ሰዓት፤ በስምንተኛው ጥቂት፤
በአሥረኛው በእንቅልፏ «ፀሐይ» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።
ከዚያ ዝም። ረሳችው ብዬ አመንኩ።
ጡጦዎቹን አጥቤ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሸሸግኋቸው፤
ከማን እንደሸሸግኋቸው እንጃ።

ጥር ሲጋመስ የምሽጉ መድፍ አጓራ።
ተማሪዎች እየጮኹ ወጡ፤ እኔም ቱቫን ትከሻዬ ላይ አድርጌ።
ከባሕሩ ጠርዝ፣ የብርቱካን ልጣጭ የምታህል፣
ወጣች።
ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ጉንቮር ዓይኗን ጠረገች፤
ቱቫ ግን ጣቷን ቀሰረች፤
«ወተት!» አለች።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤
እኔ የተናገርኩትን ጥዬው ሳልፍ
የወለድኳት አንሥታ ይዛው ኖሯል።
እየሮጥን ገባን።
ሁለት እጀታ ያለው ኩባያ ሞላሁላት፤ ውኃ የሌለው፣ ወፍራሙን።
በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች፤ ነጭ ጢም አበቀለች፤
አገጯ ላይ ፈሰሰ።

ራግንሂልድ፣ ከመርከቡ ላይ ሆነሽ አይተሻት ይሆን?
ብዙም አልቆየች፤ ተመልሳ ገባች።
ቱቫ ኩባያውን ገልብጣ ታቹን ታያለች።
እኔ
ጆሮዬን በረደኝ።