አንገት

ውርጭ ሳሩን በነከሰው በየካቲት ሌሊት
አንጓች በሬን መታች፤ «ተነሥ፣ በጊቱ ምጥ ላይ ናት።»
ፋኖስ አልነበረኝም፤ በስልኬ መብራት ሄድሁ፤
ከጋጣው ስንገባ አንዱን ሞቶ አገኘሁ።

ሁለተኛው ወጣ፤ ጠጉሩ የሳሳ፣ ልፍስፍስ፣
ጡት ብናስጠጋው እንገር የማይቀምስ።
በገለባ አሸሁት። ደረቱን። ጀርባውን።
አውራ ጣቴ ድንገት ሲነካ ጉሮሮውን
እንቁላል የሚያህል፣ ከቆዳው ሥር ያለ
ለስላሳ እብጠት አገኘ፤
ማለፍ አቅቶት እዚያው ዋለለ።

ቀና አልሁ።
አንጓች በመብራቱ ፊት ነጠላዋን ሳበች፣
ከሙሽርነቷ ጀምሮ ያደገ ዕንቅርቷን ሸፈነች።

«ምነው ዝም አልህ?»

ጎንደር ኮሌጅ ሳለሁ አንድ ገጽ ተምሬ፣
ከፈተናው ማግስት ረስቼው ኖሬ፣
አሁን ከጣቴ ሥር ያ ገጽ ተገለጠ፤
ከእናት የጎደለው በግልገል አንገት ላይ አበጠ።

«አፈሩ ነው፣» አልኋት። «ክረምት በመጣ ቁጥር
አጥቦ አጥቦ ተከዜ ከተተው፤ የቀረን ጠጠር።
የጎደለችው ቅንጣት ናት፤ ከጥፍር ጫፍ ያነሰች፤
ሳሩም የላት፣ ገብሱም የላት፤
በጊቱም ሳትቀምሳት አረገዘች።»

አንጓች ግልገሉን ከጉያዋ ሸጎጠች፤
ብዙ ቆየች፣ የእናቲቱን ትንፋሽ እየሰማች።
«ሦስት ቀብሬያለሁ፤ ክርስትና ሳይነሡ።
ሾተላይ ነው አሉኝ፤ ክታብ አሰሩልኝ፤ በልተው ጠጥተው ተነሡ።
አንገቴን ግን፣ እስከ ዛሬ፣
አንድም ሰው አልዳሰሰ።»

መልስ አልነበረኝም።
ሊነጋጋ ሲል ያለብነውን እንገር ግልገሉ በጠርሙስ ዋጠ፤
ሁለቴ ተነሥቶ ወደቀ፤
በሦስተኛው ቆመና ተንቀጠቀጠ።

ቅዳሜ፣ ዳባት ገበያ፣ አየኋት ከሩቁ።
ከመሬት የተቆለለው፣ በጣሳ የሚሰፈረው፣ ርካሹ፣ ደረቁ፣
ጣፍጦም ለኛ ድንጋይ የሆነው ጨው በግራዋ ቀረ፤
ከሱቁ ገባች፤ የመቀነቷ ቋጠሮ ተፈታ፤ ብሩ ተቆጠረ፤
አዮዲን ያለበት፣ የታሸገው፣ ዋጋው እጥፍ የሆነው፣
እሱን ነው የጠየቀችው።

«ለበጊቱ ነው፣» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት፣ ነጠላዋን እየሳበች።
ሁለት እሽግ ገዛች።