ዋቢ ጥራ

በታርቱ ከተማ፣ ጥቅምት አልቆ ሲመሽ፣
ኤማየጊ ወንዙ በጉም ውስጥ ሲሸሽ፣
እኔና ማይሬ፣ ሁለታችን ብቻ፣
በወረቀት ክምር የሌሊት ዘመቻ።

ነገ ይመጣሉ የዕውቅና መዛኞች፣
ሁለት ከሪጋ፣ አንዲት ከቪልኒየስ፣ ቁጥብ ዝምተኞች።
መስፈርት አራት ነጥብ ሦስት እንዲህ ይላል ቃሉ፦
«ተማሪዎች መረጃን ፈልገው ያገኛሉ?
ይመረምራሉ?
ምንጩን ይለያሉ?»
ከጎኑ አንዲት ሣጥን፣ ጥፍር የምታህል፣
አዎን ወይ አይደለም፣ ሌላ የማትቀበል።

ዲን ኡርማስ አስቀድሞ ሞልቷት ነበር በደማቅ ቀለም፦
«ከመቶ ዘጠና ሁለቱ ምንጭ መለየት አያቅተውም።»

ማይሬ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«ቁጥሩስ ከየት መጣ?» አለችኝ ቀና ብላ።

ፈለግነው።
የዘንድሮው ሪፖርት የአምናውን ይጠራል፣
የአምናው ከአምስት ዓመት በፊት ወዳለው ይመራል፣
ያ ደግሞ አንድ በራሪ ጽሑፍ ይጠቅሳል፣
በራሪው «በሪፖርቱ መሠረት» ብሎ ይመለሳል።
ወላጅ የሌለው ቁጥር፣ ልደቱ ጠፍቶበት፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሻማ ሲበራለት።

አባቴ የወረዳ ዳኛ ነበር። ባለጉዳይ «ሲባል ሰማሁ» ሲል
እስክሪብቶውን ያስቀምጥና፣ «ማን ሲል?
ዋቢህን ጥራ» ይል።
ለማይሬ ነገርኳት፦ በእኛ ቋንቋ ዋቢ
ግርጌ ላይ የተኛ ፊደል ብቻ አይደለም፤
ሰው ነው፤ ስሙ ሲጠራ ተነሥቶ ችሎት ገቢ።
ምንጭም ምንጭ ነው፤ ጎንበስ ብለው የሚጠጡት።

እሷም በመስኮቱ ወንዙን አሳየችኝ፣
«ስሙ እናት ወንዝ ነው» ብላ ፈታችልኝ።
«ምንጩ ሐይቅ ነው፤ አውቶቡስ አለለት፣
ካላመንከኝ ሄደህ እግርህን ንከርበት።»
ዘጠና ሁለት ግን
እግር የሚነክሩበት ዳር አልነበረውም።

ሊነጋ ሲል ሰረዘችው። በምትኩ እንዲህ አለች፦
«አናውቅም። ፈልገን አጣን። የሄድንበት መንገድ አባሪ ሦስት ላይ አለ።»
ኡርማስ ሲያነብበው ጆሮው ቀላ።
«በገዛ እጃችሁ!»
ሌላ ቃል አልወጣውም።

የቪልኒየሷ ወይዘሮ ዳንጉኦሌ፣ ገጹ ላይ ስትደርስ፣
ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ቆየች። ከዚያ በእርሳስ
ጻፈች፣ ጻፈች፤ ሣጥኗ አልበቃቻትም፣ ወደ ኅዳጉ ፈሰሰች።
ምን እንዳለች አላውቅም። ውጤቱ ገና ነው።
ኡርማስ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ጫማውን ያያል።

ትናንት ግን አንዲት ተማሪ፣ ነርሲንግ፣ ሁለተኛ ዓመት፣
አባሪ ሦስትን አጣጥፋ ይዛ መጣች፦
«ፈልገው ያጡትን ነገር
ግርጌ ላይ እንዴት ነው የሚጽፉት?»

ወንበር ሳብኩላት።
ኮቷን አወለቀች።