የይመር ፍሬን

ጦሳ ጉሙን ደፍቶ፣ ሰኞ ገበያ ላይ፣
እሱ ወገቡን ይዞ፣ እኔ ጥላ ከላይ፣
ፍራሽ ልንገዛ ወጣን፣ በስተርጅናችን፣
አልችልም ቢለን ጥጡ፣ የሠርግ ፍራሻችን።
መሃሉ ጎድጉዶ፣ ሸለቆ አብጅቶ፣
እኔ በዚህ ዳር፣ እሱ በዚያ ዳር ተኝቶ፣
ሌሊት ተንሸራተን፣ ሲነጋ ከታች ነን፣
ጎርፍ አምጥቶ እንደጣላቸው ድንጋዮች ተደጋግፈን።

ኑርዬ፣ ፍራሽ ሻጩ፣ "እማማ ይሞክሩት" አለኝ፤
ጫማዬን አወለቅሁ፣ ገበያተኛው እያየኝ፣
በሰው መሃል፣ በቀን፣ ጀርባዬን አጋደምኩ፤
እንደ አዲስ ሙሽራ ፊቴን በሻሽ ሸፈንኩ።

"ይኼ ወጥ ነው" አለ፣ "አንድ ወጥ፣ እንደ ሜዳ፤
አንዱ ቢገላበጥ ግን ሌላው ነው ባለዕዳ።
ያኛው ደግሞ ክፍል ነው፣ ሁለት ግማሽ ጎን ለጎን፣
ለአባባ ጠጣሩ፣ ለእርስዎ ዳመናው ይሁን፤
እሳቸው ቢፈራገጡ እርስዎ ጋ አይደርስም፣
ዋጋው ላቅ ይላል እንጂ፣ ለእንቅልፍ አይሰሰትም።"

"ቢፈራገጡ" ሲል ይመር አቀረቀረ።
ሃያ ስድስት ዓመት አይሱዙ ያሽከረከረ፣
ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ መኪናው ከተሸጠም፣
እግሩ ሥራ አልፈታም፤ ማታ አርፎ አይቀመጥም።
ዓይኑ እንደተከደነ ሐረጎን ይወርዳል፣
ጠመዝማዛው ሲመጣ ፍሬን ይረግጣል፣
አልጋው ይንገጫገጫል፤ እኔ ቁጭ እላለሁ።
"ደረስን?" እለዋለሁ።
"ገና ነን፣ ተኚ" ይለኛል፣ ሳይነቃ። እተኛለሁ።

መዲና ጎረቤቴ ወሬውን ቀድማ ሰምታ፣
ያን ዕለት ጠዋት ነግራኛለች፣ በሬ ላይ ቆማ፣ ተቆጥታ፦
"ዛሬ ፍራሽ፣ ነገ ማድጋ፣ ከነገ ወዲያስ በር ነው፤
ወጡን ግዢ፤ ለባልና ሚስት ገደል እንኳ የጋራ ነው።"

እኔም ወጡን ፈለግሁ። ይመር ግን፣
ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ሦስቴ ሄዶ የሚመለሰው፣
ዋጋ እንኳ ሳይጠይቅ "ክፍሉን ጫን" አለው።
ወደ እኔም ሳይዞር፣
"ከኔ ጋር ተኝታ አታውቅም፤ እስቲ አሁን ደህና ትደር።"
ኑርዬ ሳቁን ዋጠ።
በሁለት ባጃጅ ተጫነ። በዚያ ጉም ውስጥ ለየብቻ፣
እሱ ጠጣሩን አቅፎ፣ እኔ ዳመናዬን ብቻ።

የመጀመሪያው ሌሊት ጸጥ አለ። እውነቱን ልናገር፣
እንደ ሕፃን ተኛሁ፣ ያለ ሕልም፣ ያለ ነገር፤
አዛን ነው የቀሰቀሰኝ።
ወገቡ ቀሎት ነበር፤ ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝ።
ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ምን ይሆን ያስቀየመኝ?

"ማታ ሐረጎን ወረድክ?" "ወረድኩ።" "ጉም ነበር?"
"ሞልቶት ነበር፤ አንድ ግመል ኩርባው ላይ ቆሞ ነበር።"
ያን ግመል አላየሁትም።

ያኔ ነው የገባኝ። እሱ በእውኑ ሲነዳ፣
በባቲ፣ በሚሌ፣ እስከ ጅቡቲ ሜዳ፣
እኔ ደሴ ነበርኩ፣ በር በሩን ሳይ፤
አንድም ቀን አልወጣሁም ያ መኪና ላይ።
የተሳፈርኩት ማታ ነው፣ በዚያ በጎድጓዳው ጥጥ፣
እሱ ፍሬን ሲይዝ፣ እኔ አብሬው ስደነግጥ።

ፍራሹን አልመለስኩም። የተኙት እንቅልፍ አይካድም፤
ወገቡም ተሽሎታል፣ ጠዋት ግድግዳ አይዝም።
ብቻ መብራት ሲጠፋ፣ ዱዓዬን አድርሼ፣
ስንጥቁን ተሻግሬ፣ ብርድ ልብሱን መልሼ፣
አንድ እግሬን ከጠጣሩ ላይ አሳድራለሁ።
ጋቢናዬ እሷ ናት፤ ሌላው አካሌ ይተኛ፣ በእሷ እሳፈራለሁ።

ትናንት ግመሉን አየሁት።
እንዳለውም፣ ኩርባው ላይ ቆሞ ነበር።